የጀልባውን ውስጥ ለእኔ ተወው

ጥፋቱ የአፌ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ከሃያ ዓመት በላይ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ጥፋትን ከራስ ላይ አንስቶ ሌላው ላይ ማስቀመጥ እንዴት እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ። ለዚህኛው ግን ሦስት ገጽ ብጽፍም ሌላ ተጠያቂ አላገኘሁለትም። ስለዚህ እንደሆነው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ግቢያችን ውስጥ ጀልባ ተሠራ። አዎ፣ ጀልባ፤ ውሃ ላይ የሚሄደው። እኛ ሰፈር ውሃ ማለት በፈረቃ የሚመጣ የቧንቧ ውሃ መሆኑን፣ እሱም ሲመጣ ለባልዲ እንጂ ለጀልባ እንደማይበቃ አላጣሁትም። ግን ምክንያት ነበረው።

ባለቤቴ ታደሰ አናጺ ነው። ጠመንጃ ያዥ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችው፤ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ቡፌ ይሠራል። ታናሽ ወንድሙ ሙሉጌታ ደግሞ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያሰግራል። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያሰግረው በሰው ጀልባ ነው፤ ባለጀልባው ደስ ሲለው ይሰጠዋል፣ ሲያኮርፍ ይከለክለዋል። ባለፈው ፋሲካ እኛ ጋ መጥቶ ይህንኑ እንደ ቀልድ አድርጎ ሲያወራ፣ ታደሰ ዝም ብሎ ሰማው። በማግስቱ ጣውላ አሸክሞ ገባ። ባለቤቴ እንዲህ ነው። እኔ ግማሽ ቀን የማወራውን ነገር እሱ በአንድ ጭነት ጣውላ ተናግሮ ይጨርሰዋል።

አራት ሜትር ጀልባ ሥራ ቤቱ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ግቢያችን መሀል፣ ልብስ የምናሰጣበት ቦታ ላይ ተጀመረ። ግቢው የሦስት ቤተሰብ ነው። እኛ አለን። ከፊት ለፊታችን ዘይነባ አለች፤ የወሎ ልጅ ናት፣ በርበሬና ቅመም ትነግዳለች፣ ምላሷም ከምትነግደው ዕቃ የተቀመመ ነው። ከጎናችን አቶ ገብረየስ አሉ፤ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ በዕድሜያቸው ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም፣ ስለ ጀልባ የማያውቁት ነገር ግን የለም።

ጀልባ ለካ የሚሠራው ተገልብጦ ነው። ሆዱ ወደ ሰማይ ሆኖ ይገጠማል፣ ይመታል፣ ይለሰልሳል፣ ይቀባል። ታደሰ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ እየነካካው ክረምቱ ገባ። ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ውጪው አልቆ፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ የመንደሩ ወንዶች ተሰብስበው ገልብጠው አቆሙት። ዘይነባ እልል አለች። አቶ ገብረየስ በእጃቸው መታ መታ አድርገው፣ «ጤናማ ድምፅ አለው» አሉ።

«ዋናው ነገር ገና ነው» አለ ታደሰ። «ውስጡ ቀርቷል። ሁለት ሳምንት ይፈጃል።»

ወደ ውስጥ አየሁ። ጣውላው ከመጋዝ እንደወጣ ነው፤ ሻካራ፣ ስንጥር የበዛበት።

«ምን ያደርጋል?» አልኩ። «ውስጡን ማን ያየዋል?»

«መረቡ የሚሰበሰበው ውስጡ ነው። አንዲት ስንጥር ካለች መረቡን ትይዘዋለች። መረብ ተቀደደ ማለት ሙሉጌታ ሳምንቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲሰፋ ዋለ ማለት ነው። ደግሞ በባዶ እግሩ ነው የሚቆምበት።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሰዉ ሁሉ ከቦ ቆሟል፣ እኔም ሰው ፊት ክርክር አልችልም፤ ማለቴ፣ ክርክር መተው አልችልም።

«ይኼ ሁለት ሳምንት የሚባለው ነገር አልገባኝም» አልኩ። «የማንኛውም ዕቃ ውስጡ ከውጪው ያንሳል። ድስትን ውሰድ፣ ቤትን ውሰድ። ውጪውን በአምስት ቀን ካለሰለስከው፣ ውስጡ በአራት ቀን ማለቅ አለበት።»

«ክርክሩ መሠረት አለው» አሉ አቶ ገብረየስ።

ታደሰ አንዴ እኔን አየኝ፣ አንዴ ጀልባውን። «እንግዲያው ውስጡን አንቺ ጨርሺው። እኔም የሰርግ ቡፌ አጣድፎኛል።»

«ለእኔ ተወው!» አልኩ። እጄንም ወገቤ ላይ አድርጌ ነበር፤ እሱን ዘይነባ ናት በኋላ የነገረችኝ።

«ይህ ነገር በጽሑፍ ቢሆን ጥሩ ነው» አሉ አቶ ገብረየስ። ሌላ ሴት ብትሆን ስቃ ታልፈው ነበር። እኔ ጽሑፍ ከተባለ አላስችል ይለኛል። ሮጬ ማመልከቻ ወደምጽፍባት ሱቄ ሄድኩና ኮምፒውተሬን ከፍቼ ውል ጻፍኩ። «ውል ሰጪ የጀልባውን የውስጥ አካል ከስንጥር፣ ከሻካራነትና ከማናቸውም እንከን ነጻ በማድረግ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ከመሙላቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ለማስረከብ ሙሉ ፈቃዷን ሰጥታለች።» ቅዳሜውን የመረጥነው ያን ቀን ቲማቲም ጭኖ ከዝዋይ የሚመጣ አይሱዙ ባዶውን ስለሚመለስ፣ ጀልባውን ሊወስድልን ስለተስማማ ነው። ታደሰ ፈረመ፣ እኔ ፈረምኩ፣ ሁለቱ ጎረቤቶች በምስክርነት ፈረሙ። ስንት ሰው ያዳነ ማመልከቻ የጻፍኩ ሴት፣ በገዛ ራሴ ላይ መውጫ ቀዳዳ የሌለው ውል አሳምሬ ጻፍኩ።

ሰኞ ጠዋት ገባሁበት። ክረምት ላይ ፍርድ ቤት ስለሚዘጋ ሱቄ ሥራ የለም፣ ጊዜ ሞልቶኛል። ታደሰ ሦስት ዓይነት የብርጭቆ ወረቀት ትቶልኛል፦ ሻካራ፣ መካከለኛ፣ ለስላሳ። ሲወጣ ስለ እንጨቱ መስመር የሆነ ነገር ብሎኛል፤ ፀጉሬን በሻሽ እየጠቀለልኩ ስለነበር አልሰማሁትም።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ የድስቱ ክርክሬ ፈረሰ። የጀልባ ውጪው አንድ ሜዳ ነው፤ እጅ እንደልቡ ይሄዳል። ውስጡ ግን ጣውላዎቹን ደግፈው የያዙ ጎድኖች አሉት። አሥራ አንድ ናቸው፤ ቆጠርኳቸው። በአሥራ አንድ ጎድን መሀል አሥራ ሁለት ክፍል አለ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ማዕዘን አለው፣ እያንዳንዱ ማዕዘን ጣት የማያስገባ ጥግ አለው። እኔ ጀልባ ላለሰልስ ገብቼ አሥራ ሁለት ክፍል ቤት ተረክቤ ተገኘሁ። በዚያ ላይ መቀመጥ አይቻል፣ መቆም አይቻል፤ ያለው መንበርከክ ነው። ከሰዓት በኋላ ከጀልባው ስወርድ እግሬ እኔን ትቶ እዚያው ሊቀር ምንም አልቀረውም።

ታደሰ ማታ መጥቶ የሠራሁትን በእጁ ዳሰሰ። «ውሻ የቧጨረው ነው የሚመስለው» አለ። «መስመሩን ተከትለሽ ሂጂ አላልኩሽም? አቋርጠሽው ሄደሻል።» የእንጨት መስመር ማለት ይህ ነበር። የሰኞ ሥራዬ በሙሉ ተሰረዘ።

ማክሰኞ መስመሩን እየተከተልኩ በደህና ጀመርኩ። ምሳ ልበላ ገባ ብዬ፣ ሆዴ ሲሞላ ጋደም ብዬ፣ ስነቃ ቆርቆሮው ይጮሃል። የነሐሴ ዝናብ ነው፤ በረዶም አለበት። ስወጣ ጀልባው እስከ ግማሹ ሞልቷል። ጀልባ ከውሃ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝ ውሃው ከውጪ መሆን እንዳለበት ማንም ያውቃል። የእኛው በተቃራኒው ጀመረ። እኔና ዘይነባ ጃንጥላ ይዘን በጣሳ እየጨለፍን ስናፈስ፣ አቶ ገብረየስ ከደጃፋቸው ሆነው፣ «በግራ በኩል ጀምሩ፣ ሚዛኑን እንዳይስት!» ይሉናል። ጀልባው መሬት ላይ ነው እኮ!

«አንድ ነገር አትርፈናል» አለች ዘይነባ፣ ሻሿን እየጨመቀች። «ውሃ ወደ ውጪ ካላስወጣ፣ ወደ ውስጥም አያስገባም።»

እርጥብ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹት አቧራው ሊጥ ይሆናል። እስኪደርቅ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ታማሚ በጨርቅ ስጠርገው ዋልኩ። ታደሰ ከላዩ ላስቲክ ወጠረልኝ። ከዚያ እንደገና ጀመርኩ፤ ሲደርቅ ደግሞ ሰጋቱራው ተነሳ። ዘይነባ በርበሬዋን ልታሰጣ ብትወጣ ሰጋቱራ፣ አቶ ገብረየስ ሻይ ቢጠጡ ሰጋቱራ። እኔ ራሴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቅንድቤ ጀምሮ ሸበትኩ።

ትልቁ ችግር ግን የጎኑ ጎባጣነት ነበር። ወረቀቱን የምጠቀልልበት እንጨት ቀጥ ያለ ነው፣ የጀልባው ጎን ደግሞ እንደ ገምቦ ሆድ ነው፤ እንጨቱ ጫፍ ጫፉን ብቻ እየነካ መሀሉን ይዘለዋል።

«የሚታጠፍ ነገር ነው የሚያስፈልግሽ» አለች ዘይነባ። «ለምሳሌ እንደ ሸበጥ ያለ።»

ዘወር ስል ቧንቧው ሥር አንድ አሮጌ ሸበጥ ወድቋል። ዕድሌን አመስግኜ በቢላ ሦስት ቦታ ቆረጥኩት። አንዱን ቁራጭ በወረቀት ጠቅልዬ ጎኑን ሳሸው፣ እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ! ከጎባጣው ጋር አብሮ ይጎብጣል፣ ከዝቅታው ጋር ዝቅ ይላል። እኔና ጀልባው እስካሁን ለምን እንደ ባዕድ ስንታገል እንደከረምን ገረመኝ።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ገብረየስ በአንድ እግራቸው ሸበጥ፣ በሌላው የቆዳ ጫማ አድርገው ብቅ አሉ።

«ግቢያችን ሌባ ገብቷል» አሉኝ፣ ጀልባውን ተደግፈው። «የግራ እግሬን ሸበጥ ብቻ ወስዷል። አስቢው፤ ሁለቱም አጠገብ ለአጠገብ ነበሩ። ይህ የሚያሳየው ሌባው የቀኝ እግር እንደሌለው ነው። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ሰው ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እኔ አላውቅም» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ እያሸሁ። እጄ ውስጥ ያለው ሸበጣቸው ነው። ላቁም ብል ሊያዩት ነው፣ ልቀጥል ብል ደግሞ ፊታቸው ላይ እያሸሁባቸው ነው። ስለ ሌባው ጠባይ፣ ስለ መግቢያው፣ ስለ መውጫው አብራሩልኝ። ከዚያ ድንገት መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይቅርታ፣ እመቤት» አሉ። «የያዝሽው ተረከዜ ነው።»

የምገባበት ጠፋኝ። ካሉኝ እገዛልዎታለሁ፣ ዛሬውኑ እሄዳለሁ፣ ሳላውቅ ነው ስል፣ ትተውኝ ቤታቸው ገቡ። ተቀየሙኝ ብዬ ስጨነቅ የቀኙን ሸበጥ ይዘው ተመለሱና ጀልባው ውስጥ ጣሉት። «ብቻውን ምን ያደርግልኛል? መለዋወጫ ይሁንሽ።»

ሸበጡ ተገኝቶም ግን ጊዜው ሮጠ። ማክሰኞ ጠዋት ስቆጥር የቀሩኝ ቀናት አራት ናቸው፣ የቀሩኝ ክፍሎች ሰባት። ሴት በዚህ ጊዜ ባሏን ታማክራለች። እኔ ግን የፈረምኩት ውል አለ። እናም ታደሰ የሰርጉን ቡፌ ሊያስረክብ መሄዱን ሳረጋግጥ፣ ጠመንጃ ያዥ ሄጄ ሥራ ቤቱን በትርፍ ቁልፍ ከፈትኩና እየተሽከረከረ እንጨት የሚያለሰልሰውን ማሽን፣ ግራይንደሩን፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ አመጣሁት። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው ሳለ አጠገቤ ያለች ሴትዮ፣ «ዶሮ ነው?» አለችኝ። በፍልሰታ ጾም! «የበሽተኛ ነው» አልኳት። አንዴ ከተሳሳቱ ወዲያ ለውሸት የሚሆን ጉልበት አይጠፋም።

ሶኬት ሰካሁ፣ አስነሳሁት። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ገነት ነበረች። በሁለት ቀን የማልጨርሰው ሻካራ ጣውላ ዓይኔ እያየ እንደ ሳሙና ሆነ። ሳቅሁ ሁሉ። ከዚያ ማሽኑ እጄ ውስጥ እንደ ጥጃ ዘለለ፣ እኔም እንዳያመልጠኝ ብዬ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። የእኔ ሙሉ ክብደት ደግሞ ቀላል አይደለም። ጭስ ወጣ። የተቃጠለ እንጨት ሸተተ። ሳጠፋው ወለሉ ላይ የወጥ ሳህን የሚያህል ጎድጓዳ ተቆፍሯል። ሰጋቱራውን እፍ አልኩት። ከጎድጓዳው ሥር አንዲት ምስር የምታህል ብርሃን ታየች። በአንድ ዓይኔ አጮለቅሁ። የግቢያችን ጠጠር ወለል ብሎ ታየኝ።

ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገው ይለያያል፤ አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ይሮጣል። እኔ ቁጭ አልኩበት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር ቁጭ ያልኩት። ማሽኑን ላስቲኩ ሥር ደበቅሁት። ዘይነባ መጥታ፣ «ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?» ስትለኝ ዐረፍ ብዬ ነው አልኳት። አቶ ገብረየስ መጥተው ቅርጹን ከውስጥ ላየው ነው ሲሉ፣ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ዞር ዞር እያልኩ አስጎበኘኋቸው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ታደሰ መጣ።

«ራት አትበይም?»

«እዚሁ እበላለሁ። ሥራ አለብኝ።»

«ቁጭ ብለሽ?»

«እያሰብኩ ነው።»

ዘይነባ ይህን ሰምታ ኖሮ፣ የጾም ነው ብላ ምስር ወጧን በትልቅ ትሪ ይዛ መጣች። አቶ ገብረየስ ሽታው ጠራቸው። ታደሰም ተከተለ። እንዲህ ሆኖ አራታችንም ጀልባው ውስጥ ከተምን፤ ሦስቱ ጎድን ላይ፣ እኔ ቀዳዳዬ ላይ። ሰዉ ይስቃል፣ ይጎራረሳል።

መሀል ላይ ሙሉጌታ ደወለ። ታደሰ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«እትዬ» አለ ሙሉጌታ። «ውስጡን አንቺ ነሽ የምትሠሪው አሉኝ። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የት እንደማቆመው፣ ማን ብዬ ስም እንደማወጣለት ሳስብ ይነጋል። እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ።»

እንባዬ መጣ። ስልኩ ሲዘጋ አላስቻለኝም።

«ታዴ፣ የተቀመጥኩት ቀዳዳ ላይ ነው።»

«ምን ላይ?»

«ቀዳዳ! በስቼዋለሁ፤ ጀልባውን በስቼዋለሁ!»

ቀዳዳ የሚለውን ቃል ሲሰሙ አቶ ገብረየስ እንጀራቸውን እንደያዙ ከጀልባው ዘለው ወረዱ። የምንሰጥም መስሏቸው ነው። ዘይነባ ልትስቅ ፈልጋ ፊቴን ስታይ ተወችው።

ተነሳሁ። ታደሰ የስልኩን መብራት አብርቶ ጎንበስ አለ። ጎድጓዳውን በጣቱ ዞረው። ላስቲኩ ሥር ያለውን ማሽንም አየው። ሃያ ስድስት ዓመት አብራችሁ ስትኖሩ የሰው ዝምታ ዓይነት ዓይነት እንዳለው ታውቃላችሁ፤ ይኼኛውን ግን ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር። ሌላ ጀልባ የሚሠራበት ገንዘብ የለም፤ ያለው ይኼ አንዱ ነው። ይህን እያሰብኩ ቆምኩ።

«እጅሽን አልመታሽም?» አለኝ በመጨረሻ።

«አልመታኝም።»

«እሱ ነው የሚያስፈራው። ጣት ይቆርጣል እኮ።» ከዚያ ተመልሶ ትሪው አጠገብ ተቀመጠና እንጀራ ቆረሰ። «ነገ እንለጥፈዋለን።»

እሮብ ሥራ ቤቱን ሳይከፍት ቀረ። የተቃጠለውን ቦታ በመሮ አራት ማዕዘን አድርጎ ቆርጦ አወጣው፤ ከዚያው ጣውላ ከተረፈው ቁራጭ ልኩን አዘጋጅቶ፣ ውሃ በማይፈታው ማጣበቂያ ገጠመው። ለእኔ መላጊያውን ሰጠኝና ትርፉን አስላገኝ። ስሳሳት አልተቆጣም። እጄን ይዞ ጣውላው ላይ አስቀመጠው።

«በዓይንሽ አትመኚ። ጨፍኝና ዳብሺው።»

ጨፈንኩ። እውነትም በዓይኔ ያለቀ የመሰለኝ ቦታ ሁሉ ለእጄ ገና ነበር። እዚህ ጉብ ያለ፣ እዚያ ስንጥር፣ እዚያ የእኔ የሰኞ ጭረት። የዚያን ዕለት ነው ሥራ የጀመርኩት ብል ይሻላል።

የቀረውን ብቻዬን አልጨረስኩትም። ውሉ ብቻዋን ትሥራ አይልም፤ እንደገና አንብቤ አረጋግጫለሁ። ዘይነባ አንድ የሸበጥ ቁራጭ ያዘች፣ አቶ ገብረየስ በገዛ ሸበጣቸው የፊተኛውን ጠባብ ጥግ ያዙ፤ የሚገርማችሁ፣ ሥራ ከያዙ ወዲያ አንድም ምክር አልሰጡም። ታደሰም በማግስቱ ከሥራ በጊዜ ተመልሶ ገባበት። ሐሙስ ማምሻውን ዘይነባ ከሳጥኗ ስስ የሐር ሻሿን አወጣች፤ የኢድ ዕለት ብቻ የምታደርጋት ናት።

«መረቡን ከያዘው ይኼንንም ይይዘዋል» ብላ ወለሉ ላይ ትጎትተው ጀመር። አራት ቦታ ያዘ። አራቱን አሸን። እንደገና ጎተተች፤ አንድ ቦታ ያዘ። አሸነው። በሦስተኛው ሻሿ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ዓርብ ጠዋት ታደሰ ቫርኒሹን ቀባው።

ቅዳሜ አይሱዙው መጣ። መንገዳችን ጠባብ ስለሆነ አስፋልቱ ላይ ቆሞ፣ ሙሉጌታ በእግሩ ገባ። ቀጭን፣ ፀሐይ ያከሰለው፣ ዝምታው ወንድሙን የሚመስል ሰው ነው። ሌሊቱን ቲማቲም ሲጭን አድሮ ዓይኑ ቀልቷል። ጀልባውን አንዴ ዞረው። ሁላችንም ምን እንደሚል አፉን እንጠብቃለን። እሱ ጫማውን አወለቀ። ገባበት። በባዶ እግሩ ከፊት እስከ ኋላ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ተመለሰ። ከዚያ ጎድኖቹ መሀል በጎኑ ተጋደመ፣ ጉንጩን ጣውላው ላይ አደረገ፣ ዓይኑንም ጨፈነ።

«ደስ ብሎት ነው» አሉ አቶ ገብረየስ በሹክሹክታ።

ጠበቅን። ትንሽ ቆይቶ ማንኮራፋት ጀመረ።

ሾፌሩ ከአስፋልቱ ላይ ጡሩምባ ይነፋል፤ እዚያ ብዙ መቆም አይቻልም። ሸካሚ ወንዶች ተሰብስበዋል። ታደሰ ሊቀሰቅሰው እጁን ዘረጋና መለሰው። «አልቻልኩም፤ አንቺ ቀስቅሺው» አለኝ። እኔም ሄድኩ፣ አየሁት፣ ተመለስኩ።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለች ዘይነባ። «እንዳለ ውሰዱት። የዓሣ አጥንት ያህል ቢከብድ ነው።»

ስምንት ወንዶች ጀልባውን ትከሻቸው ላይ አደረጉት። እንዳይነቃ ብለው ቀስ ብለው፣ እግራቸውን እየመጠኑ፣ ማንም ሳይናገር ወጡ። አቶ ገብረየስ ሞቋቸው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከፊት ይሄዳሉ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን የተመለስኩበትን ነጠላ እንዳጣፋሁ፣ ዘይነባ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ከኋላ እንከተላለን። ምን እንደምንመስል ያወቅኩት ጥግ ላይ በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ብድግ ብላ ደረቷን ስትመታ ነው።

«ውይ! ውይ! ገና ልጅ እግር ነው እኮ!»

ባለ ሱቁ በሩን ገርበብ አደረገ። ከታክሲ የወረዱ ሰዎች መንገዳቸውን ትተው ተከተሉን። አንዲት ሴትማ እኔን ደግፋ ያዘችኝ።

«እህቴ፣ አልሞተም» አልኳት። «ተኝቶ ነው።»

«አዎ እናቴ» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «እንደ ተኛ ነው የሚቆጠረው።»

አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ከኋላችን ከሠላሳ ሰው በላይ አለ፣ ልቅሶውም ሞቅ ብሏል። ሾፌሩ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ጀልባውን ሲያይ ጡሩምባውን በረጅሙ ለቀቀው። ሙሉጌታ ተነስቶ ቁጭ አለ።

ጩኸቱን ልነግራችሁ አልችልም። ባለበቆሎዋ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ አቅጣጫ በረረች። ደግፋኝ የነበረችው ሴት እኔኑ ገፍትራ ሄደች። ስምንቱ ወንዶች ጀልባውን አለመልቀቃቸው ተአምር ነው። ሙሉጌታ ከላይ ሆኖ ሰዉን ሁሉ በቀላ ዓይኑ አየና፣ በጣም አዝኖ፣

«ማን ሞተ?» አለ።

«አንተ!» አለች ዘይነባ፣ እና እዚያው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ጀልባው አይሱዙው ላይ ተጭኖ ሲታሰር ሙሉጌታን ጋቢና ግባ ብንለው እምቢ አለ። እዚሁ ነኝ አለና ተመልሶ ተጋደመ። ታደሰ ገመዱን እያጠበቀ ነበር፤ አላየሁትም መስሎት ዓይኑን በክንዱ ሲጠርግ አየሁት።

ይኼኔ ባለበቆሎዋ እያለከለከች ተመለሰች። ደንግጣ ነበር፣ አሁን ተናዳለች። «አንተ! እንባዬን በነጻ ነው ያስፈሰስከኝ!» ብላ መኪናው ላይ ተንጠላጥላ ልትመታው ስትሰነዝር፣ እሱ ዞር ሲል መዳፏ የጀልባው ውስጥ ጣውላ ላይ አረፈ። ተንሸራተተ። ቆም አለች። ንዴቷን ረስታ ጣውላውን እንደገና ዳሰሰችው፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች።

«ውይ! ሲለሰልስ!» አለች። «እኔም ብሆን አልነቃም ነበር!»

ስሟን አላውቅም። ከመኪናው ስትወርድ አቅፌ ሁለቱንም ጉንጯን ሳምኳት።